ድንኳን የለበሰ ጣሪያ

ኮልፌ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፅዮን አምሐ፤ ቡዳፔስት

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ ቀለል አለልሽ ወይስ አሁንም በሁለት ካልሲ ነው የምትተኚው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ጾሙን ይዘናል። የእኔ ጆሮ ግን እንደምታውቂው ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ስትደውዪልኝ «እህ? ምን አልሽ?» እያልኩ ሰዓትሽን ከማቃጥልብሽ ብዬ ወደ ድሮ ሙያዬ ተመልሻለሁ። ማዘጋጃ ቤት ስንት ዘመን ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ እጅ ነውና አይከፋም። እኔ እጽፋለሁ፤ የልጄ ሚስት ምህረት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች።

ስለ ብድሩ ጠይቀሻል። አዎን፣ የመጀመሪያው ግማሽ ገብቷል። እድራችን ከተማው ለሕዝብ ቤቶች በሚሰጠው የኃይል ቁጠባ ብድር አዳራሹን ያድሳል ቢሉኝ አምና እስቅ ነበር። ለቀብር እንጂ ለመብራት ተሰብስበን አናውቅማ! አንቺ ከዚያ ሆነሽ ማመልከቻውን መስመር በመስመር ባታስጽፊን ኖሮ ደጃፋቸውንም አናውቀው ነበር። አሁን አሮጌዎቹ አምፖሎች ወርደው አዲሶቹ ተሰቅለዋል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሙአለ ሕፃናት ምግብ የሚያሞቅበት ያ እሳት የሚተፋ ምድጃም ተቀይሯል። ያልሽውን መለኪያም ባለሙያዎቹ መጥተው ገጠሙት። አንዱ ቆጣሪው ላይ ነው፤ ሁለተኛው የአዳራሹን ሙቀት የሚለካ ሆኖ ከኮርኒሱ ሥር ተሰቅሏል። የሚለኩት ሁሉ አንቺ ዘንድ ይደርሳል አሉኝ። እንግዲህ አዳራሽ ውስጥ ብናዛጋም ማወቅሽ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ የሚለቀቀው የመብራቱ ፍጆታ በሩብ ሲቀንስ መሆኑን በሊቀመንበርነቴ ለአባላቱ ነግሬያለሁ። በእሱ ጣሪያውን አንስተን፣ ሙቀትና ብርድ የማያሳልፈውን ንጣፍ ከሥር አልብሰን እንመልሳለን። ልጆቹ ጠዋት በብርድ፣ ቀትር ላይ በቆርቆሮው ግለት መሰቃየታቸው ያበቃል።

እናትሽ ምህረት በላከችልሽ የእድሩ ፎቶ ላይ ለምን እንደሌለች ጠይቀሻል። ትንሽ ጉንፋን ነገር ይዟት ነበር፤ ቤቷ ሄጄ አይቻታለሁ፣ አሁን ለቀቅ አድርጓታል። ሰላም በልልኝ ብላለች።

አባትሽ
ጉልላት

*

ቡዳፔስት፣ መጋቢት 6 ቀን 2017

ይድረስ ለጋሼ ጉልላት

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብዳቤዎን ለኤልናታን አነበብኩለት። እዚህ አብሮኝ የሚማር የአስኮ ልጅ ነው። «እንደዚህ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች አሁንም አሉ?» ብሎ ተገረመ። ኮልፌ አሉ አልኩት።

ስለ ንጣፉ ለጻፉልኝ፦ እንደሚባለው ዝናብ ከመግባቱ በፊት መልበስ አለበት፤ እርጥብ ከሆነ ዋጋ የለውም። ግን ቸኩላችሁ ቆርቆሮ እንዳትነቅሉ። መጀመሪያ ገንዘቡ ይምጣ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። የቆጣሪውን ግራፍ በየቀኑ አየዋለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ እኮ የእናንተው አዳራሽ ነው። አምፖሉም ምድጃው መቀየሩም ያሰብነውን ያህል ቀንሷል። ነገር ግን ከሥር የማይወርድ መስመር አለ። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሄደው፣ አዳራሹ ተቆልፎ፣ እሁድም በበዓልም የሆነ ነገር መብራት ይወስዳል። አያቋርጥም። ትንሽ ነገርም አይደለም፤ እሱ እያለ ሩቡ አይሞላም። ጋሼ፣ እዚያ ቤት ውስጥ የማላውቀው ምን ተሰክቷል? እባክዎ አንድ ሰው ይዘው ይፈልጉልኝ።

እማዬን በስልክ አገኘኋት። ድምፅዋ በየቃሉ ይቆራረጣል፤ ኔትወርኩ ነው አለችኝ። ከኋላዋ የሚያጉረመርም ነገርም ይሰማል። ምንድነው ስላት ፍሪጅ ነው አለች። ፍሪጅ መቼ ገዛች? ደስ ብሎኛል ግን።

አክባሪዎ
ፅዮን

*

ኮልፌ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፅዮን

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ጉልበቴ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፤ ደግሞም የምጽፈው ነገር እስኪገኝ ብዬ ነው።

ያልሽውን ፈልገናል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ድስቶቹና ወንበሮቹ ካሉበት ጥግ አንድ አምፖል ሳይጠፋ ይከርም ነበር፤ አጠፋነው። የውሃ ማሞቂያውንም ነቅለናል። መስመሩ ራሱ ያረጀ ስለሆነ ባለሙያዎቹ «ሊክ» የሚሉት የመብራት መፍሰስ ሊሆን ይችላል። አይጥም ሽቦ ይበላል ይባላል። እንግዲህ እኔ የማውቀው ይህንን ነው።

ስለ ፍሪጁ… አዎን፣ እድሩ ነው የገዛላት። አሮጌ ነው፤ ይጮሃል። ደግሞ ቶሎ ቶሎ አትደውዪላት፤ እሷን ማውራቱ ሳይሆን ያንቺ ገንዘብ መውጣቱ ነው የሚያደክማት። ይልቅ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ቤቷ ድረስ ሄጄ አነብላታለሁ። ያንቺ ደብዳቤ ሲነበብላት ፊቷ ይበራል።

ጥናትሽን በርቺ። ሰኔ ላይ ነው አይደል የምትጨርሺው?

አባትሽ
ጉልላት

*

ቡዳፔስት፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017

ይድረስ ለጋሼ ጉልላት

አዎ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ጽሑፌን እከላከላለሁ። ከዚያ ትኬት ቆርጬ እመጣለሁ፤ እማዬ ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች ይጻፉልኝ።

ጋሼ፣ አይቆጡኝና አይጥ ሽቦ ይበላል እንጂ መብራት አይበላም። አምፖሉንም ማሞቂያውንም ካጠፋችሁ በኋላ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ይህ ሊክም አይደለም። ማሽን ነው፤ ሳያርፍ የሚሠራ ማሽን። አንድ ሰው ከአዳራሹ መስመር ጠልፎ እየወሰደ ነው። አውቃለሁ፣ የሰፈር ሰው ማስቀየም አይፈልጉም። ግን ስሙን ልጥራልዎት? ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የዳዊ ብየዳ ቤት ነው። መስመር መዘርጋት የሚችልስ ከእሱ ሌላ ማን አለ?

ማመልከቻው ላይ «ከአዳራሹ መስመር ሌላ ተጠቃሚ የለም» ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ብድሩ ለሕዝብ ቤት እንጂ ለግለሰብ አይሆንም። ቢደረስበት ሁለተኛውን ግማሽ ይከለክሉናል፤ ክረምቱ ደግሞ ከተፍ ሊል ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ ያ ሁሉ ሕፃን ይንቀጥቀጥ? እባክዎ ጋሼ፣ የአዳራሹን ጓሮ ግድግዳ ዞር ብለው ይዩት። ሽቦ ይኖራል። ማንም ይሁን ማን ይቆረጥ።

ይህን ያልኩት ተናድጄ አይደለም። ትንሽ ተናድጄም ነው።

ፅዮን

*

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ለምህረት ያልተሰጠ)

ልጄ ፅዮን

ይህን ደብዳቤ እንደማልልከው እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ሆዴ ውስጥ ከሚያድር ወረቀት ላይ ይደር ብዬ ነው።

ሽቦው አለ። ከአዳራሹ ጓሮ ወጥቶ በአጥሩ ላይ አልፎ እናትሽ ቤት ይገባል። የዘረጋው ዳዊ ራሱ ነው፤ ለሥራው አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። ፍሪጅ ያልናት ኦክስጅን የሚሰጣት ማሽን ነው። አንቺ በሄድሽ በዓመቱ ሳንባዋ ደከመ፤ ሐኪሞቹ ቀንም ሌትም ከማሽኑ እንዳትለይ አሏት። የግቢያችሁ መብራት እንደምታውቂው ጉልበት የለውም፤ ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ ማሽኑ ይጠፋባታል። የአዳራሹ መስመር ግን ብርቱ ነው። እድሩ ማሽኑን ገዝቶ መስመሩን ሰጣት። ሰው ሲሞት ድንኳን ይዘን የምንሮጥ ሰዎች በሕይወት ያለችውን እያየን እንዴት ዝም እንበል?

ማመልከቻው ላይ የፈረምኩት ይህን እያወቅሁ ነው። ብናገር ብድሩ ይቀራል፣ አንቺም ትሰሚያለሽ ብዬ ፈራሁ። እናትሽ መስቀሉን አስይዛ አስምላናለች። «አባቷን ለማስታመም ዩኒቨርሲቲ አቋርጣ ዓመት ተቀምጣለች፤ ለእኔ ሁለተኛ አታቋርጥም። የነገረብኝ ሰው ቀብሬ ላይ አይቁም» አለች። ቆጣሪው ላይ የምታዪው የማይወርድ መስመር ትንፋሿ ነው፤ አንቺ ደግሞ ይቆረጥ ትይኛለሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብላት ስለ ሽቦው ያለውን ዘለልኩት። እሷ ግን ድምፄን ታውቀዋለች፤ «ጉልላት፣ ምን ዘለልክ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ልክ ናት። ቁረጡት» አለች። እኔ እንግዲህ ምን ልሁን? ወጥቼ አጥሩ ሥር አለቀስኩ።

*

ኮልፌ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፅዮን

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ሁለት ነገር ልነግርሽ ነው፤ ሁለቱም አያስደስቱሽም። አስቀድሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አንደኛው ጣሪያው ነው። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ስለነበር ሥራ ያለው ሁሉ ቤቱ ዋለ። «ሰው እንዲህ ተሟልቶ መቼ ይገኛል? ቆርቆሮውን ዛሬ በነጻ እናውርደው፤ ገንዘቡ ሲመጣ መግጠም ብቻ ይሆናል» ተባለ። እኔም አትቸኩሉ ማለትሽን አስታውሼ ነበር፤ ግን ሰው መዶሻና መሰላል ይዞ ሲመጣ እንዴት ተመለስ ይባላል? የኋለኛው ግማሽ ተነሥቷል። አሮጌው ቆርቆሮ ሲነቀል ተበጣጥሶ ለምንም አይሆንም። እስከዚያው የእድሩን የለቅሶ ድንኳን ጣሪያው ላይ ወጥረን አስረነዋል። ልጆቹ «ሰርግ ቤት ነው» እያሉ ይጨፍራሉ።

ሁለተኛው ሽቦው ነው። አለ። ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቼ ያልሽውን ሁሉ፣ ብድሩ ሊቀር እንደሚችልም ጭምር ለአባላቱ አነበብኩ። ይቆረጥ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። አንድም እጅ አልወጣም። ዳዊ ተነሥቶ «ልጅቷ ሌባ ትበለኝ፣ ግዴለም፤ ሽቦው ብቻ እንዳይነካ» ብሎ ተቀመጠ። ዳዊ ሌባ አይደለም። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ።

ትመጪያለሽ ስላት እናትሽ ምን እንዳለች ጠይቀሻል። «ትጨርስና ትምጣ» አለች። ሁለት ጊዜ ነው ያለችው።

አባትሽ
ጉልላት

*

ቡዳፔስት፣ ግንቦት 10 ቀን 2017

ይድረስ ለጋሼ ጉልላት

በአባቴ አጥንት ስለያዙኝ አልጠይቅም። ግን መከፋቴን ልደብቅዎት አልችልም። ያን ሁሉ ሌሊት ስሠራበት የከረምኩትን ነገር አንድ ሰፈር ሙሉ አውቆ ሲደብቀኝ እንግዳ አደረጋችሁኝ። ዳዊን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ሌባ ካልሆነ። ለአማካሪዬ መምህር ፍጆታው ያልቀነሰበትን ምክንያት «አልታወቀም» ብዬ ጽፌያለሁ። ሳቀብኝ።

የልጆቹ ነገር ነው የሚያንገበግበኝ። ሐምሌ ላይ በሸራ ሥር! ለነገሩ ድንኳኑ ከቆርቆሮው ይሻላል መሰለኝ፤ ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ይይዛል። በመለኪያው ላይ ይታየኛል፤ ድንኳኑ ከለበሰ ወዲህ አዳራሹ ጠዋት ጠዋት ያን ያህል አይቀዘቅዝም። እንግዲህ ለቅሶ ሆኖ ድንኳኑ ሲወርድ ከዚህ ሆኜ ማወቄ ነው።

እማዬ ማውራት አቁማለች፤ የምታዳምጠኝ ብቻ ነው። ተቀይማኛለች እንዴ? ይጠይቁልኝ።

ፅዮን

*

ቡዳፔስት፣ ሰኔ 9 ቀን 2017

ይድረስ ለጋሼ ጉልላት

ጋሼ! ወረደ! ያ መስመር ወረደ!

ዛሬ ግራፉን ስከፍት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከሥር የነበረው ፍጆታ ከትናንት በስቲያ ጠዋት ድንገት ቆሞ እንደዚያው ቀርቷል። አዳራሹ ሲቆለፍ ምንም የሚሄድ መብራት የለም። ከሩብም በላይ ቀንሷል፤ ሁለተኛውን ግማሽ የሚያግድብን ነገር የለም። ኤልናታን ክፍል ሮጬ ሄጄ አቀፍኩት። ቆረጣችሁት አይደል? በመጨረሻ ሰማችሁኝ! ባለቤቱ ማንም ይሁን አልጠይቅም ብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በሉልኝ ብቻ። መከላከያዬ ሰኔ 20 ነው፤ ይህን ግራፍ መጀመሪያ ላይ አሳየዋለሁ።

እማዬ ከቅዳሜ ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ምህረትን ብጠይቃት ጠበል ገብታለች፣ ኔትወርክ የለም አለችኝ። የትኛው ጠበል እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ስትመለስ ቶሎ ትደውልልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። መስመሩ በወረደ ዕለት የአዳራሹ ሙቀትም ወርዷል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ይቀዘቅዛል። ድንኳኑ ከጣሪያው ወርዷል ማለት ነው።

ጋሼ፣ ማን ሞተብን?

ፅዮን

*

ኮልፌ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፅዮን

ይህን ደብዳቤ ኤልናታን በእጁ ነው የሚሰጥሽ። ምህረት ለእሱ ልካለት እሱ አትሞታል። እሁድ ማለዳ እዚያ ያሉትን የአገራችንን ሰዎች ይዞ በርሽን ሲያንኳኳ እንደዚያ ሰብሰብ ብለው ለምን እንደመጡ ገና በሩ ላይ ሳይገባሽ አልቀረም። መርዶ በወረቀት አይላክም። የሚያቅፍ ሰው በሌለበት እንድትሰሚው አልፈለግሁም። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልስ ሳልሰጥ ሁለት ሳምንት እንደ ሌባ ተደብቄ ከረምኩ። ይቅር በይኝ። መከላከያዋን ሳትጨርስ አይነገራት ያለችውም እሷ ናት፤ ቃሏን አከበርኩ። በዚህም የምትፈርጂብኝ ከሆነ እቀበላለሁ።

እናትሽ ቅዳሜ ሰኔ 7 ማለዳ አረፈች። አልተጨነቀችም። ማታውን ደብዳቤዎችሽን በሙሉ እንዳነብላት ጠይቃኝ ነበርና ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላት። «ጉልላትን አይጥ መብራት አይበላም አለችው» እያለች ሳቀች። ሳቁ አሳላት፤ ግን ሳቀች።

ከዚህ ጋር ሚያዝያ ላይ ጽፌ ያልላክሁት አንድ ወረቀት አለ። እሱን አንብቢና ወደዚህ ተመለሺ።

አንብበሽ ከሆነ፣ አሁን ያ የማይወርድ መስመር ምን እንደነበረ አውቀሻል። የመጀመሪያው ሐሳብሽ ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ። ተይው ልጄ። አንቺ የማታውቂውን ነገር ነው ይቆረጥ ያልሽው፤ የደበቅንሽ እኛ ነን። እሷ ራሷ ቁረጡት ብላ ነበር። ጉባኤው ላይ የተገኘው ሰው ሁሉ የሽቦውን መድረሻ እያወቀ ነው እጁን ያላወጣው። ጣሪያው ተከፍቶ፣ ክረምቱ ደርሶ፣ የገዛ ልጆቻቸው እዚያ አዳራሽ እየዋሉ ነው ያላወጡት። ይህን ሄጄ ስነግራት «እናንተ ደግሞ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደስ ብሏት እንደሆነ ከጀርባዋ ያስታውቅ ነበር።

ድንኳኑን ከጣሪያው አውርደን ግቢያችሁ ተከልነው። ሰኔ ነውና አዳራሹ ዝናብ ገባበት፤ የልጆቹ ምንጣፍ ራሰ። አንድ ወላጅ እንኳ ቅሬታ አላሰማም። ከሠልስቱ በኋላ ድንኳኑ ወደ ጣሪያው ተመልሷል። ቀብሩ ከአስኮ እስከ 18 ማዞሪያ ሰው የወጣበት ነበር። አንቺን ወክዬ እኔ ቆሜያለሁ፤ ዳዊም አጠገቤ ነበር።

ብድር ጽሕፈት ቤቱ ፍጆታችሁ ቀንሷልና እንኳን ደስ አላችሁ የሚል ደብዳቤ ጽፎልናል። አባላቱ ፊት አነበብኩት። ተመካክረን እውነቱን ጻፍንላቸው፤ ሽቦ እንደነበረ፣ እያወቅሁ እንደፈረምኩ፣ ቆጣሪው የወረደውም ቆጥበን ሳይሆን ሰው ጎድሎብን መሆኑን። ገና አልመለሱልንም። ከከለከሉን በሸራ እንከርማለን፤ ከሰጡን ጣሪያውን እንገጥማለን። በሞቷ ግን አንሸለምም።

ትመጪያለሽና ቤቱን አላስነካሁም። ማሽኑ ከአልጋዋ አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ማጥፊያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ካረፈች በኋላ፣ ዓይኗን ከከደንኩ በኋላ። ሽቦው እስከ ዛሬ ድረስ አጥሩ ላይ እንደተዘረጋ አለ። ማንም አልቆረጠውም።

አባትሽ
ጉልላት